ላፕቶፕ ስትመርጡ ክብደቱን እዩ፣ ቅጥነቱን እለፉት

ሥራዬ ላፕቶፕ መጠገን ስለሆነ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆኗል፤ "ቀጭን፣ ቀለል ያለ ምረጥልኝ"። እኔ ግን ሁለቱን ነጥዬ ነው የማያቸው። የክብደት መቀነስ በየቀኑ ትከሻ ላይ ይታወቃል። ቅጥነት ግን ከተወሰነ በኋላ ለዓይን ነው። 14 ሚሊ ሜትርና 18 ሚሊ ሜትር ቦርሳ ውስጥ ከገቡ በኋላ ማን ይለያቸዋል? ባትሪው፣ ፋኑና ፖርቱ (ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ) ቦታ የሚያጡት ግን በዚያችው አራት ሚሊ ሜትር ነው።

ቀላል ለመሆን የግድ መቅጠን አያስፈልግም። ኤልጂ ግራም የሚባለው ባለ 17 ኢንች ላፕቶፕ 1.35 ኪሎ አካባቢ ነው። ከሱ በጣም የሚቀጥነውና ስክሪኑም የሚያንሰው የአፕል ማክቡክ ኤር (ኤም 2 የተባለው ሞዴል) 1.24 ኪሎ ይመዝናል። ልዩነቱ መቶ ግራም ገደማ ብቻ። ኤልጂ ግራምን ያቀለለው አካሉ የተሠራበት የማግኒዥየም ቅይጥ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሚዛን አውጡ። አሁን ያላችሁን ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ መዝኑት። ካምፓኒዎቹ የሚጽፉት ክብደት ቻርጀሩን አይጨምርም፤ እናንተ ግን ተሸክማችሁት ትዞራላችሁ። አዲሱ ከነቻርጀሩ የሚቀንስላችሁ ሁለት መቶ ግራም ብቻ ከሆነ፣ ለዚያ ብላችሁ ሌላ ነገር አትሠዉ። ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው።

ቀጥሎ ሙቀት። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም ሒሳቡን ሁሉ የሚሠራውን ቺፕ፣ ስም አይቶ "ይኼማ ፈጣን ነው" ይላል። ተመሳሳይ ፕሮሰሰር የያዙ ሁለት ላፕቶፖች ግን እኩል ላይሮጡ ይችላሉ። አንዱ አምራች 15 ዋት ብቻ እንዲወስድ ያደርገዋል፣ ሌላው 28 ይፈቅድለታል። ቀጭኑ ሳጥን ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ወዲህ እንደወጡት ማክቡክ ኤሮች ፋን የሌላቸው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በፍጥነት ይሮጣሉ፤ ከባድ ሥራ ሲረዝምባቸው ፍጥነታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ለአንድ ደቂቃ ሞክራችሁ አትፍረዱ። ረዘም ያለ ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርጉበት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ፍጥነቱ እንዳለ ነው ወይ? ዊንዶውስ ከሆነ ታስክ ማናጀር ላይ የፕሮሰሰሩ ጊጋኸርዝ ሲወርድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ሥራችሁ መጻፍ፣ ኢሜይልና ብሮውዘር ብቻ ከሆነ ግን ፋን አልባው በረከት ነው። ድምፅ የለው፣ አቧራ አይስብ። ፋን ያለውን ስከፍት ከማስወጫው ፍርግርግ ላይ ተጠቅጥቆ የኖረው አቧራ በፒንሴት ሳብ ሳደርገው ሳይበታተን አንድ ሆኖ ይወጣል። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ላፕቶፕ ይብሳል፤ አየር የሚስበው ከሥሩ ነዋ።

ሚሞሪ (ራም የሚባለው) ላይ ደግሞ ምሕረት የለኝም። "ራም ጨምርልኝ" ብሎ ይመጣል ደንበኛ። ክዳኑን ከፍቼ አሳየዋለሁ፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ጥቋቁር ትንንሽ ካሬዎች። መሰኪያ የለም፣ የሚጨመርበት ቦታም የለም። ይሄ የዛሬ ነገር አይደለም። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ በፈረንጆቹ 2008 ከፖስታ ውስጥ መዝዞ ያሳየው የመጀመሪያው ማክቡክ ኤርም ሁለት ጊጋ ሚሞሪው የተበየደ ነበር፣ የዩኤስቢ ቀዳዳውም አንድ ብቻ። ስለዚህ ስትገዙ ለዛሬ ሳይሆን ለአራት አምስት ዓመት አስቡ። እኔ ከ16 ጊጋ በታች አልመክርም። ፋይላችሁ የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ በብዙዎቹ ዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ ይቀየራል፣ ማክቡክ ኤር ላይ ግን የተበየደ ነው። ሁለቱንም ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ስለ ባትሪ ሻጩ "አሥራ ስምንት ሰዓት" ሲላችሁ ሰምታችሁ እለፉት። የምትፈልጉት ቁጥር ዋት አወር የሚባለው፣ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው፤ መግለጫው ላይ ይገኛል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 50 ዋት አወር የያዘ ባትሪ፣ ላፕቶፑ በአማካይ 5 ዋት ከበላ አሥር ሰዓት ይሄዳል፤ 15 ዋት ከበላ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ስክሪኑን አድምቆ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ሁለተኛው ውስጥ ነው። ባትሪው በብሎን ነው በሙጫ የታሰረው የሚለውንም አጣሩ። የሁሉም ባትሪ ያረጃል፤ በሙጫ የተለጠፈውን መንቀል ግን ለእኔም ጭንቅ ነው፣ ለእናንተም ወጪ።

ፖርትን በተመለከተ ባለፈው ሳምንት የሰካችሁትን ገመድና ፍላሽ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ዩኤስቢ ሲ ብቻ ባለው ላፕቶፕ ስንቱ ይሰካል? ቅርጹም አያታልላችሁ፤ አንዱ ቻርጅ ያደርጋል፣ ስክሪንም ያወጣል፣ ሌላው ፋይል ብቻ ያስተላልፋል። ማስፋፊያ መግዛት መፍትሔ ነው፣ ግን እሱም ክብደት አለው፣ እሱም ይረሳል።

ኪቦርዱን በሁለት ጣት ነካ ነካ አድርጋችሁ አትተዉት። አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉበት። ቅጥነትን ማሳደድ የት እንደሚያደርስ አፕል ራሱ አሳይቶናል፤ በፈረንጆቹ 2015 ያመጣው ቢራቢሮ የተባለው ኪቦርድ ቁልፎቹ እየተጣበቁ ስላስቸገሩ በ2018 የነጻ ጥገና ፕሮግራም ለመክፈት ተገዷል።

ጥንካሬውንም እዩ። በአንድ ጥጉ ብቻ ይዛችሁ አንሱት፤ ሲጣመም ወይም ሲንቋቋ ከሰማችሁ ተዉት። ስክሪኑና ኪቦርዱ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ ካሜራው ላይ የሚለጠፍ መሸፈኛ ወይም የተረሳ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃዋል። ክዳኑ ሲዘጋ ቀጭ ይላል፣ ሲከፈት ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብና መስመር። እንዲህ ሆኖ የሚመጣልኝ ስክሪን ወድቆ ከተሰበረው አያንስም።

ላፕቶፓችሁ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ወፈር ያለውን ግዙ፤ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ፋን፣ የሚጨመር ራምና ብዙ ፖርት ታገኛላችሁ። ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ ደግሞ ቀለል ያለውን ግዙና እዚህ ያልኳችሁን ሙከራ ሁሉ መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ ጨርሱ። ደረሰኙንና ካርቶኑን እስከዚያ አትጣሉ።