ፋውንዴሽኔ መንከባለሉን ያቆመልኝ ዘዴ

የጅማ ክረምት ሲገባ ፋውንዴሽኔ፣ የፊቴን መልክ አንድ ወጥ የማደርግበት ሜካፕ፣ አፍንጫዬ ዳርና አገጬ ላይ እየተንከባለለ ይወጣ ነበር፤ ልክ የላጲስ ፍርፋሪ። ለካ ጉዱ ከሥር ነው። ከፋውንዴሽን በፊት የምቀባው ፕራይመሬ ሲሊኮን የበዛበት፣ ፋውንዴሽኑ ደግሞ ውሃ የበዛበት። ሁለቱ አይስማሙም። ፕራይመሩን ተውኩት።

አሁን ፊቴን ታጥቤ ስስ ቅባት እቀባና ቡናው እስኪፈላ እተወዋለሁ። ቅባቱ ሳይመጠጥ ከተደረበበት መንሸራተቱ አይቀርም። ስፖንጁን ውሃ ነክሬ ጥርቅም አድርጌ እጨምቃለሁ። ከዚያ ፋውንዴሽኑን በስፖንጁ ከፊቴ መሀል ጀምሬ መታ መታ ነው እንጂ ማሸት የለም። ለአፍንጫ ዳር ስፖንጁ ላይ የቀረችው ትበቃለች። ፓውደር ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ፤ ጉንጬ ወዙ ይታይ!

ቀለሙን የምመርጠው ደጅ ወጥቼ፣ አገጬ ሥር ቀብቼ ነው። የሱቅ መብራት ያታልላል፤ እዚያ ያማረው ውጭ ሲታይ አመዳም ይሆናል።