ጾም ሲፈታም ወደ ቅቤው ላለመመለስ

ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀንም ያለ ሥጋና ወተት የሚያበስል ቤት የቪጋን (ከእንስሳ የተገኘ ምንም የማይበላ ሰው) ሙያ አለው። ፈተናው የሚመጣው ጾሙ ሲፈታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚመልሰውም ከሥጋው ይልቅ የንጥር ቅቤ ሽታ ነው። ከእሱ ይጀምሩ፤ ያንኑ ሽታ በዘይት ያውጡት።

ግማሽ ሊትር የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በወፍራም ድስት ይጣዱ። አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ከትፈው ይጨምሩበትና በለዘብተኛ እሳት 30 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። መንጣጣቱ ሲቆምና አረፋው ሲጠፋ ውሃው አልቋል ማለት ነው። ያኔ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ አንድ አንድ፣ አብሽና እርድ ግማሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይግባ። ኮሰረትና በሶብላ ግን ብዙ እሳት አይችሉም፤ ድስቱ ወርዶ ትንሽ በረድ ሲል አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነስንሰው ይክደኑት። በጣም በጋለ ዘይት ከገቡ ያርራሉ፣ ይመርራሉም፤ የምንፈልገው መዓዛ ደግሞ በአብዛኛው ከእነሱ ነው። ሲቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ አጥልለው በደረቅ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፣ በአራት ቀን ውስጥም ይጨርሱት። ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ውጭ ከተቀመጠ ሽታው ሳይለወጥ ሊመረዝ ይችላል። ሽሮው ሊወርድ ሲል ሁለት ማንኪያ ጠብ ያድርጉበት።

ቫይታሚን ቢ12 ላይ ግን ድርድር የለም። ምስር፣ ጎመን፣ የቦካ እንጀራ፣ አንዱም አይሰጥም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጉድለቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ የጎመንና የምስር ፎሌት (ሌላው የቢ ቫይታሚን) ደግሞ የደም ማነሱን ሸፍኖ የነርቭ ጉዳቱ እንዲቀጥል ያደርጋል። በቀን ቢያንስ 10 ወይም በሳምንት 2000 ማይክሮግራም በክኒን ይውሰዱ። እጅና እግር መደንዘዝ ከጀመረ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ። ለብረት ማዕድን ሲባል ቡናና ሻይ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ሰላጣው ላይ ሎሚ ይጨመቅ።

በፍስክ ቀን ምግብ ቤት ሲገቡ «ሽሮው በዘይት ነው በቅቤ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። ብስኩት ላይ ካዜይንና ዌይ (ሁለቱም ከወተት የሚወጡ ፕሮቲኖች)፣ የመድኃኒት እንክብል ላይ ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ) የሚል ካለ ይተዉት። ዓሣና ማርም አይገቡም፤ ያረጀ ቆዳ ጫማ ግን ጨርሰው ቢጫሙት ምንም አይደል።

ቤተሰብ «ትንሽ ቅመስ» ሲል በሕመም አያሳብቡ፤ ለእንስሶቹ ብለው እንደተዉት በግልጽ ይንገሩ። ለበዓል ዶሮ የሚገዛ ዘመድ ካለም ቢያንስ አያያዟን ያሳዩት። ዶሮ እንደ ሰው ድያፍራም ስለሌላት እግሯ ታስሮ ቁልቁል ስትንጠለጠል የሆድ ዕቃዋ የአየር ከረጢቶቿን ተጭኖ ትንፋሽ ያሳጥራታል። ክንፎቿን ሰብስቦ በሁለት እጅ ይያዛት፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶንም ቀና አድርጎ ያስቀምጣት።