123,456,789ን በእርሳስና በወረቀት መተንተን

ቁጥሩን ለመተንተን፣ ማለትም የብቸኛ ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ የሌላቸው) ብዜት አድርጎ ለመጻፍ፣ መጀመሪያ ከ1 እስከ 9 ያሉትን አሃዞቹን ደምሩ፤ 45 ይሆናል። 45 ለ9 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። አሃዞቹን እንዴትም ብትደባልቋቸው ድምሩ ያው 45 ነው፤ ስለዚህ ዘጠኙን አንድ አንድ ጊዜ ተጠቅሞ ብቸኛ ቁጥር መሥራት አይቻልም።

ማካፈሉን በእጅ ሥሩት፤ ባለ 8 አሃዝ ካልኩሌተር ይህን ቁጥር አይቀበልም። ድርሻው 13,717,421 ግን ልክ ይገባበታል። የድርሻው አሃዞች ድምር 26 ስለሆነ 3 ከዚህ በኋላ የለበትም።

7ን፣ 11ንና 13ን በአንድ ጊዜ መፈተሽ ይቻላል፤ ሦስቱ ሲባዙ 1,001 ስለሚሆኑ። ድርሻውን ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አሃዝ ቁረጡ፣ ከዚያ እያፈራረቃችሁ ቀንሱና ደምሩ፦ 421 − 717 + 13 = −283። 283 ለሦስቱም አይካፈልም። ከግራ የቆረጠ ሰው የማይረባ ውጤት ያገኛል።

17፣ 19፣ 23 እያሉ መቀጠል አድካሚ ነው፤ የመጀመሪያው አካፋይ የሚመጣው 500 ያህል ብቸኛ ቁጥሮች ከተሞከሩ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የፌርማ ዘዴ ይሻላል፤ ቁጥሩን የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት አድርጎ መጻፍ ነው፣ a² − b² = (a − b) × (a + b) ስለሆነ። የድርሻው ስኩዌር ሩት 3,703.7 ገደማ ነው፤ ወደ ላይ አጠጋጉት፣ 3,704። ወደ ታች ካጠጋጋችሁ ልዩነቱ ኔጌቲቭ ይሆናል።

3,704² − 13,717,421 = 2,195

በ5 የሚያልቅ ስኩዌር ሁሉ በ25 ያልቃል፤ ይህ በ95 ስላለቀ ሳትደክሙ ጣሉት። ለ3,705 እንደገና ማባዛት አያስፈልግም፤ 2 × 3,704 + 1 = 7,409ን በ2,195 ላይ ጨምሩ። 9,604 ይመጣል፤ እሱም 98² ነው። እንግዲህ፦

(3,705 − 98) × (3,705 + 98) = 3,607 × 3,803

በሁለት ሙከራ ያለቀው ሁለቱ አካፋዮች ስለተቀራረቡ ብቻ ነው። 1,234,567 = 127 × 9,721ን በዚሁ መንገድ ብትሞክሩ 3,813 ሙከራ ይፈጃል፤ በተራ ማካፈል ግን 127 ገና 31ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው። ሃያ ያህል ሙከራ ካልሠራ ወደ ማካፈሉ ተመለሱ።

ብቸኛነታቸውንም አረጋግጡ። ለ3,607 እስከ 59 ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሞክሩ። ለ3,803 ግን 61ም ይጨመራል፣ 61² = 3,721 ከእሱ ስለሚያንስ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህችን ናት። አንዳቸውም አይካፈሉም።

አሁን 123,456,789 = 3² × 3,607 × 3,803። የአካፋዮቹ ብዛት 3 × 2 × 2 = 12 ነው፤ ሁለቱን 3ቶች እንደተለያዩ የቆጠረ 16 ብሎ ይሳሳታል። የአካፋዮቹ ድምር (1 + 3 + 9) × (1 + 3,607) × (1 + 3,803)፣ ማለትም 13 × 3,608 × 3,804 = 178,422,816 ሲሆን፣ ቁጥሩ ራሱ ሲቀነስለት 54,966,027 ይቀራል። ከ123,456,789 ጋር ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ የሌላቸውን፣ ከእሱ የሚያንሱ ቁጥሮች ለመቁጠር 6 × 3,606 × 3,802 አባዙ፤ 82,260,072 ናቸው። ለ3² የሚገባው 9 − 3 = 6 ነው፤ 2 × 2 ብሎ 4 መጻፍ መልሱን ያበላሻል።