ለጀማሪዎች የአስትሮኖሚ ፈተና እንዴት ይጠና?

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የአስትሮኖሚ ፈተና አርማለሁ። ነጥብ የሚፈስባቸው ጥያቄዎች ደግሞ በየጊዜው ያው ናቸው። የሳተርንን ጨረቃዎች ስም አንድ በአንድ የሸመደደ ልጅ፣ «ወቅቶች ለምን ይፈራረቃሉ?» ሲባል «ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅና ስለምትቀርብ» ብሎ ይጽፋል። ምድር ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ ነው፤ ያኔ ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ብርድ ላይ ነው። ምክንያቱ የዘንጓ በ23.5 ዲግሪ ማዘንበል ነው። ስሞቹን ፈተናው ብዙም አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ለምን?» እና «ይሄ ቢጨምር ያኛው ምን ይሆናል?» ነው። ጥናታችሁንም በዚህ መንገድ አስኪዱት።

ከጨረቃ ቅርጽ መለዋወጥ ጀምሩ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። ሥዕሉን መቶ ጊዜ ከማየት ክፍሉን አጨልሙና አንድ አምፖል አብሩ። አንድ ትንሽ ነጭ ኳስ እስክሪብቶ ላይ ሰክታችሁ ክንዳችሁን ዘርጉ። አምፖሉ ፀሐይ፣ ጭንቅላታችሁ ምድር፣ ኳሷ ጨረቃ። ወደ አምፖሉ ስትዞሩ የምታዩት የኳሷን ጨለማ ጎን ነው፤ ይህ አዲስ ጨረቃ ነው። ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ ዙሩ። ሩብ ዙር ስትደርሱ የኳሷ ቀኝ ግማሽ ይበራል፤ ይህ የመጀመሪያው ሩብ ነው። ጀርባችሁን ለአምፖሉ ስትሰጡ ሙሉ ጨረቃ ትሆናለች፤ ግን ኳሷን ከጭንቅላታችሁ ትንሽ ከፍ ካላደረጋችሁ የራሳችሁ ጥላ ያርፍባታል። እሱ የጨረቃ ግርዶሽ ነው። የጨረቃ ምህዋር ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ስለሆነ ነው ግርዶሽ በየወሩ የማይኖረው። አንድ ሙከራ፣ ሁለት የፈተና ጥያቄ!

ቀጥላችሁ ሰዓቱን አምጡ። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ትይዩ ስለሆነች ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች። የመጀመሪያው ሩብ ቀትር አካባቢ ወጥታ እኩለ ሌሊት አካባቢ ትጠልቃለች። ይህን በቃላችሁ አትያዙት፤ ኳሷን ይዛችሁ ራሳችሁ ድረሱበት።

ሒሳቡ ያን ያህል አያስፈራም። አብዛኛው ንጽጽር ነው። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ከሆነ ብርሃኑ ዘጠኝ ጊዜ ይደክማል፤ በቃ። የኬፕለርን ሦስተኛ ሕግ ውሰዱ፦ ፕላኔቷ ፀሐይን የምትዞርበት ጊዜ በዓመት፣ ርቀቷ በአስትሮኖሚካል ዩኒት (የምድርና የፀሐይ አማካይ ርቀት) ሲለካ፣ የጊዜው ስኩዌር ከርቀቱ ኪዩብ ጋር እኩል ነው። ጁፒተር 5.2 ላይ ናት። 5.2 × 5.2 × 5.2 አባዙት፣ 140.6 ይመጣል። ስኩዌር ሩቱ 11.9 ገደማ ነው። ስለዚህ ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ይፈጅባታል። ካልኩሌተሩ 0.3 ካላችሁ ቆም በሉ፤ ከምድር የራቀች ፕላኔት ከምድር ቀድማ ልትጨርስ አትችልም። ይህችን ማጣሪያ ሳያደርግ ወረቀቱን የሚያስረክብ ተማሪ ቁጥሩ ብዙ ነው።

ከዋክብት ላይ ስትደርሱ የኤች አር ዲያግራምን (ከዋክብትን በድምቀትና በሙቀት የሚያስቀምጠውን ሥዕል) ባዶ ወረቀት ላይ በእጃችሁ ሣሉ። ደጋግማችሁ። ወደ ላይ ድምቀት፣ ወደ ጎን የሙቀት መጠን፤ ግን ሞቃቶቹ በግራ በኩል ናቸው (ማን እንዲህ ገልብጦ እንዳስለመደን አትጠይቁኝ)። ፀሐይን 5,800 ኬልቪን ላይ አስቀምጡ። ቀይዋን ግዙፍ ኮከብ ቤቴልጅየስን ከላይ በቀኝ፣ ነጭ ድንክ የምትባለውን ኮከብ ሲሪየስ ቢን ከታች በግራ። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ቤቴልጅየስ 3,500 ኬልቪን ገደማ ብቻ ሆና እንዴት ከፀሐይ በብዙ ሺህ እጥፍ ትደምቃለች? መልሱ ግዝፈቷ ነው። ሲሪየስ ቢ ደግሞ በጣም ሞቃት ናት፣ ግን መጠኗ ምድርን ስለሚያክል ብርሃኗ ደካማ ነው። ይህን ያለ ማስታወሻ ለጓደኛችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ ምዕራፉ አልቋል።

በቃል መያዝ ያለባቸው ጥቂት ናቸው። ዩኒቨርስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ ሥርዓተ ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን። የብርሃን ዓመት የርቀት መለኪያ ነው፣ የጊዜ አይደለም። የማግኒቲዩድ (የኮከብ ድምቀት መለኪያ) ቁጥር ባነሰ ቁጥር ኮከቡ ይደምቃል፤ የ5 ልዩነት ማለት 100 እጥፍ ነው። ክብደቱ የበዛ ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ስለሚጨርስ ዕድሜው አጭር ነው፤ ተማሪ ሁሉ ገልብጦ የሚመልሳት ጥያቄ ይህች ናት።

የቆዩ ፈተናዎች ካገኛችሁ መልሱን እያያችሁ አታንብቧቸው። ሰዓት ይዛችሁ ሥሯቸው፤ የሳታችሁትን ብቻ መልሳችሁ አጥኑ። ፈተናው ላይ ጥያቄው ስለ ጨረቃ ወይም ስለ ምህዋር ከሆነ፣ ምርጫዎቹን ከማንበባችሁ በፊት ጠርዙ ላይ ትንሽ ሥዕል ጫር አድርጉ። ለእንደዚህ ዓይነት ሥዕል መልሱ ባይመታም ግማሽ ነጥብ የሰጠሁበት ጊዜ ብዙ ነው።