ለጭቃም ለአስፋልትም የሚሆን የሞተር ጎማ ስትገዙ

ሐዋሳ ላይ ሞተር የምትነዱ፣ ክረምት ሳይገባ ጎማ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ይህችን ልንገራችሁ። ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ጎማ ጭቃ ላይ ጥሩ ይይዛል፤ በመሃል የገባው ጭቃም ሲሽከረከር ይረግፍለታል። አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ይጮኻል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ ነው፤ መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል ትንሽ ስለሆነ ይንሸራተታል። ውሏችሁ ከተማ ውስጥና በይርጋለም አስፋልት ከሆነ፣ ገጠር የምትገቡትም አልፎ አልፎ ከሆነ፣ ጥርሱ መካከለኛና ጠጋ ጠጋ ያለውን ውሰዱ። በየቀኑ ጭቃ የምትረግጡ ግን ጥርሳሙን ግዙ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጎማው ጎን ላይ ያለውን 4 አሃዝ ፈልጉ። 2319 ካለ፣ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። መጋዘን የከረመ ጎማ አዲስ ቢመስልም ይደርቃል። እኔ አንዴ ሳላይ ገዝቼ በጥቂት ወራት ጎኑ ተሰነጣጠቀብኝ።

ጎሚስታው ሲገጥም አጠገቡ ቁሙ፤ ጎማው ጎን ላይ የቀስት ምልክት ካለ፣ ቀስቱ ጎማው ወደፊት ሲዞር ወደሚሄድበት አቅጣጫ መሆን አለበት። ለጭቃ ብላችሁ ነፋስ ከቀነሳችሁም አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ አስሞሉ።