ፕሮግራም ሲዘጋ ሜሞሪን ስለመልቀቅ የሚፈጸሙ ስህተቶች

አንድ ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ የያዘውን ሜሞሪ የሚያስመልሰው በዋናነት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ሊኑክስም ሆነ ዊንዶውስ ፕሮሰሱ (በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም) እንዳበቃ ለእሱ ብቻ የተመደቡትን የሜሞሪ ገጾች (ሜሞሪው የሚከፋፈልባቸውን ቁራጮች) ይረከባል፣ የተከፈቱ ፋይሎችንም ይዘጋል። ስህተቶቹ በአብዛኛው የሚመነጩት ይህን አሠራር ከሚገባው በታች ወይም ከሚገባው በላይ ከማመን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ፕሮግራሙ ሊወጣ ሲል ሜሞሪውን ቁራጭ በቁራጭ ለማስለቀቅ መድከም ነው። በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሚሊዮን አባላት ያሉት ዝርዝር ቢይዝና ለእያንዳንዱ አባል ሜሞሪ የሚያስለቅቀውን «ፍሪ»ን ቢጠራ፣ ወደ ዲስክ የተዛወሩ ገጾች ሳይቀሩ ሊጣሉ ሲሉ ወደ ሜሞሪ ይመለሳሉ፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ግን ዝርዝሩን ሳይመረምር ሁሉንም በጅምላ ይወስዳል። ኮዱ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ከሆነ ግን የወሰደውን መመለስ ግዴታው ነው።

ሁለተኛው «ሲዘጋ ይለቀቃል» የሚለውን ምክንያት ለሰርቨር ማዋል ነው። ለወራት የማይዘጋ ፕሮግራም በየጥያቄው ጥቂት ባይት እንኳ ቢያፈስ፣ ማለትም ወስዶ ሳይመልስ ቢቀር፣ መጨረሻው ይታወቃል።

ሦስተኛውና ብዙዎችን የሚያሳስተው፣ ፕሮሰሱ ሲሞት ሁሉም ነገር አብሮት ይጠፋል ብሎ ማሰብ ነው። ሲስተም ፋይቭ በተባለው የዩኒክስ ስልት የተፈጠረ፣ ብዙ ፕሮሰሶች የሚጋሩት የጋራ ሜሞሪ የአንድ ፕሮሰስ ንብረት ስላልሆነ፣ እንዲሰረዝ እስካልታዘዘ ድረስ ማሽኑ እስኪጠፋ ይቆያል። በሊኑክስ «አይፒሲኤስ» የተባለው ትእዛዝ ሲሰጥ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር 0 የሆነ ክፍል ከታየ፣ ፈጣሪው ሳያጸዳ የወጣ መሆኑን መጠርጠር ይገባል፤ ማንም እንደማይፈልገው ከተረጋገጠ በኋላ በ«አይፒሲአርኤም» ይሰረዛል። ጊዜያዊ ፋይሎችም እንዲሁ ተጥለው ይቀራሉ።

አራተኛው፣ ፕሮግራሙ ሲወጣ እንዲሠራ የተጻፈ ኮድ ሁልጊዜ ይሠራል ብሎ መተማመን ነው። ሲግናል 15 (የ«ውጣ» መልእክት) የደረሰው ፕሮግራም፣ ለዚሁ ከተዘጋጀ፣ ሥራውን አጠናቆ መውጣት ይችላል፤ ሲግናል 9 (በግድ የመግደያ መልእክት) ግን ሊያዝም ሊታለፍም ስለማይችል አንዲት መስመር ኮድ እንኳ የማስኬጃ ዕድል አይሰጥም። በዚህ ጊዜ ወደ ፋይል ሊጻፍ በፕሮግራሙ በፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ የተጠራቀመ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ከርነሉ ገጹን ሲወስድ በውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅምና። የሎግ ፋይል የመጨረሻ መስመሮች የሚጎድሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ሳቢያ ስለሆነ፣ የማይጠፋ መረጃ ያለው ሰው መውጫውን ሳይጠብቅ በየመሀሉ ዲስክ ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል። ሲግናል 9ን በቅድሚያ መላክ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከመጥፎ ልማዶች ሁሉ የከፋው ነው።

በመጨረሻም፣ «ዞምቢ» ሆኖ የሚታይ ፕሮሰስ ሜሞሪ ይዟል ብሎ እሱን ለመግደል መታገል ከንቱ ድካም ነው። ሜሞሪው አስቀድሞ ተለቋል፤ የቀረው ወላጁ (እሱን የፈጠረው ፕሮሰስ) የመውጫ ውጤቱን እስኪቀበል በፕሮሰስ ሰንጠረዥ ላይ የሚቆይ አንድ መዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ መታረም ያለበት ወላጁ ነው።