ካር-ቲ ሕክምና ለወሰደ ሕመምተኛና ለአስታማሚው፦ ችግርና መፍትሔ

ካር-ቲ የካንሰር ሕክምና ነው፦ የሕመምተኛው ቲ ሴል (በሽታ የሚከላከል ነጭ የደም ሴል) ከደሙ ተለይቶ ይወጣል፤ ካንሰሩን የሚለይበት መቀበያ በላቦራቶሪ ይጨመርለትና በደም ሥር ይመለሳል። ለዚህ ሕክምና ከወሎ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው አስታማሚ ሁሉ ማንኛውም ምልክት ሲታይ መጀመሪያ ሴሉ ከገባ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይቁጠር። የ3ኛው ቀን ትኩሳትና የ60ኛው ቀን ትኩሳት አንድ አይደሉም።

ችግር፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት።
ምክንያት፦ ሴሎቹ ካንሰሩን አግኝተው ሲባዙ ሳይቶካይን (የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን)፣ በተለይ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው፣ ይበዛል። የደም ሥር ፈሳሽ ያሾልካል፤ የደም ግፊት ይወርዳል።
መፍትሔ፦ ለነርሷ ወዲያው ንገሩ፤ በራሳችሁ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ አትሸፍኑት። ኢንፌክሽንም ሊሆን ስለሚችል የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለን ጀርም አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይወሰዳል፣ አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ግፊት ከወረደ ወይም ኦክስጅን ካስፈለገ ቶሲሊዙማብ (የኢንተርሉኪን 6ን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት) ይሰጣል፦ በኪሎ 8 ሚሊግራም፣ ከ30 ኪሎ በታች ለሆነ 12፣ በአንድ ጊዜ ከ800 ሚሊግራም ሳይበልጥ። ካልተሻለው 8 ሰዓታት ቆይቶ ይደገማል፤ በጠቅላላው ከ4 ጊዜ አያልፍም።

ችግር፦ መደናገር፣ ቃል መጥፋት፣ የእጅ ጽሑፍ መበላሸት።
ምክንያት፦ የሳይቶካይኑ መብዛት ያመጣው ብግነት አንጎልን ነክቷል። ቶሲሊዙማብ ወደ አንጎል እምብዛም ስለማይገባ ለዚህ ዋናው መድኃኒት ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ።
መፈተኛው ከ10 ነጥብ ነው፦ ዓመተ ምሕረት፣ ወር፣ ከተማ፣ ሆስፒታል፣ ሦስት ዕቃ መሰየም፣ ትእዛዝ መፈጸም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከመቶ በአሥር ወደ ኋላ መቁጠር። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይጎዳል። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲናገር 7 ወይም 8 ዓመት ይቀንሳል፤ ነርሷም ተደናግሯል ብላ ትጽፋለች። የባሰው ግን እውነተኛ መደናገር «ቋንቋ ስለማይችል ነው» ተብሎ ሲታለፍ ነው። ስለዚህ ሴሉ ከመግባቱ በፊት ፈተናው በአማርኛ ይደረግ፤ መልሱ ካርዱ ላይ ይስፈር። ያንኑ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በየቀኑ አስጽፉት፤ ወረቀቶቹንም አትጣሉ።

ችግር፦ አገር ቤት ከተገባ በኋላ ኦክስጅን መለኪያው ዝቅ ብሎ ያሳያል።
ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጤነኛም ሰው ከቆላው ያነሰ ያነባል። በደረሰ ማግስት፣ ደህና ሳለ ለክታችሁ ጻፉ፤ በኋላ የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው።

ችግር፦ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትኩሳት።
ምክንያት፦ ሲዲ19ን (በቢ ሴሎች ላይ ያለ መለያ ፕሮቲን) የሚያጠቃው ካር-ቲ ሴል፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት ከእነሱ የሚመጡትን ጤነኛ ቢ ሴሎችንም ስለሚገድል ፀረ እንግዳ አካል ያንሳል፤ ነጭ የደም ሴልም ገና አላገገመ ይሆናል።
መፍትሔ፦ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ከባቲ ወይም ከከሚሴ በኩል የመጣ ከሆነ የወባ ደም ምርመራ በቅድሚያ ይታይ። በዊዳል (በፀረ እንግዳ አካል ታይፎይድን የሚፈልግ የደም ምርመራ) ላይ አትተማመኑ፤ ፀረ እንግዳ አካል የሌለው ሰው ታይፎይድ እያለበት ነጻ ሊመስል ይችላል፣ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ከወሰደ ደግሞ የለጋሹን ውጤት ሊያሳይ ይችላል። ካልቸር ይሻላል። አይጂጂ (በደም ውስጥ ያለው ዋናው ፀረ እንግዳ አካል) ከ400 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነና ኢንፌክሽን ከተመላለሰበት ኢሚውኖግሎቡሊን ይታሰባል።

ጠያቂው እንዳይበዛ፤ ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር።

አንድ ነገር ለላቦራቶሪ ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ፦ ሴሉ በሌንቲቫይረስ (ከኤችአይቪ ተወስዶ በሽታ እንዳያመጣ የተቀየረ፣ መቀበያውን ወደ ሴሉ የሚያስገባ ቫይረስ) የተሠራ ከሆነ አንዳንድ የኤችአይቪ ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልግ) ምርመራ በስህተት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል።